ከስቱኮው ሥር

ዝገት እንዴት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆናል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ሦስት ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ በእያንዳንዱ ምስማር እጨምራለሁ። በአንደኛው ደረቅ አየር ብቻ አለ። በሁለተኛው አየሩ እንዲወጣለት ፈልቶ ከላዩ ዘይት የተደፋበት ውሃ አለ። በሦስተኛው ውሃና አየር አንድ ላይ ናቸው። ጥቂት ቀን ቆይቶ የትኛው ምስማር እንደሚዝግ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይነግሩኛል። ብረት ለመዛግ ውሃም ኦክስጅንም ይፈልጋል፤ አንዱን ከከለከሉት ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሰው ላጠፋው ጥፋት አለማወቁን ሊያነሣ ይችላል። እኔ ግን አልችልም። ብችል ኖሮ የማነሣው ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ የነበርኩት ሰው ምክንያት የሚንቅ ሰው አልነበረም።

መኪናው ቮልስ ነው። የአጎቴ ነበር። አጎቴ አጋሮ ውስጥ ቡና አቅራቢ ስለነበር ከአጋሮ ጅማ ያሉትን 45 ኪሎ ሜትሮች በዚያ መኪና ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስባቸው ኖሯል። በመኸር ወራት ጭነት መኪና ሲያጣ እሸት ቡና በጆንያ አድርጎ ከኋላ ወለሉ ላይ ያስቀምጥ ነበር። እሸት ቡና ሲጨመቅ የሚወጣው ውሃ ጣፋጭም ጎምዛዛም ነው፤ ምንጣፍ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይደርቅም። አጎቴ ሲሞት መኪናው ወደ እኔ መጣ። ሽታው ደስ ይለኝ ነበር፤ የአጎቴ ሽታ ነው እል ነበር። ኋላ ስረዳው የአጎቴ ሽታ ያልኩት የረጠበ ምንጣፍ ሽታ ነበር።

ቮልስ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥቷል። እኛ የምናስታውሰው ቮልስ ግን አንድ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣው። እኔም ጅማ ውስጥ በፈረንጅ አራዳ በኩል ሳልፍ «የጃንሆይ መኪና!» የሚለኝ ሰው አይጠፋም ነበር። ነገሩ ቀልድ ነው፤ እንዲያውም ካሰቡበት መራራ ቀልድ ነው። እኔ ግን በተባለ ቁጥር መስታወቱን ትንሽ ወደ ታች ዝቅ አደርግ ነበር። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል፣ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ድንገት ባለ ቅርስ ሆነ። ለሙሽራ መኪናነት የሚለምኑኝ በዙ። ገንዘብ አልቀበልም ነበር። ይህን ለጋስነቴን ለማሳየት የምጽፈው እንዳይመስላችሁ፤ ገንዘብ ያልተቀበልኩት ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር እየተከፈለኝ ስለነበር ነው።

የፓራፋንጎው ቀለም መንፋት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ዝገት ከበላው ብረት የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያስነሣዋል። ኅዳር ወር ላይ መኪናውን ወደ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ሠራተኛ ወሰድኩት። ስማቸውን አልጽፍም። ጅማ ውስጥ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል፤ ሐጂ የሚባል ሰው ደግሞ ጅማ ውስጥ ብዙ ነው።

ሐጂ የነፋውን ቀለም አላዩትም። የኋላውን ወንበር አነሡ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው፤ የሚያንጠባጥበው አሲድም ወለሉን ይበላል። ምንጣፉን ገለጡና ካቻቢቴ ባትሪው አጠገብ ጫን ሲያደርጉት ወደ ታች አለፈ። መሬቱ ታየ።

«ስማ ቲቸር፣» አሉኝ፣ «ዝገቱ የሚታየው እዚህ ነው። ውሃው ግን የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ ውሃውን እንፈልገው።»

ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ባለ ቮልስ «የእኔ መኪና ውሃ አይጠይቅም» ብሎ መኩራት ይወዳል። ሐጂ ግን እኔን መኪናው ውስጥ አስቀምጠው፣ የልጅ ልጃቸውን የውሃ ጎማ አስይዘው ከታች ወደ ላይ እየቀጠሉ ያስረጩ ጀመር። ከላይ ከተጀመረ ውሃው በየት እንደገባ አይለይም፤ ከታች ሲጀመር ግን እያንዳንዱ ቦታ በተራው ይመሰክራል። በመስታወቶቹ ጎማ ጠርዝ ላይ ከውስጥ በኩል የሕፃን ፓውደር ነስንሰው ነበር። የፊት መስታወቱ የታችኛው ጥግ ላይ ፓውደሩ ተሰነጠቀና ቀጭን መስመር ወረደ። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለችው የአየር መግቢያ ውሃ የምታወርድበት ቱቦ ተዘግታ ስለነበር እግሬ ላይ ፈሰሰብኝ። በሮቹ ደግሞ ከታች ትንንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ በመስታወቱ በኩል የገባው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። የእኔ በሮች ቀዳዳ በአቧራና በቡና ገለባ ተደፍኖ በሩ ከውስጥ ውሃ ይዞ ይኖር ነበር።

ከሁሉ የባሰው ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱት የማሞቂያ ቦዮች ነበሩ። ጀርመኖች ከሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ፊት እንዲመጣ የሠሯቸው ናቸው። ጅማ ውስጥ መኪና ማሞቂያ ማን ያበራል? ሥራ ፈተው እርጥበት ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። መኪናውን ከጎን የሚሸከሙት ግን እነሱ ናቸው። ሐጂ በጣታቸው አንኳኳቸውና ዝም አሉ።

የነገሩኝ ይህን ነው፦ አካሉ ከወለሉ ጋር የታሰረበት ብሎን በሙሉ ይፈታል፤ አካሉ ይነሣል፤ ወለሉም ቦዮቹም ተቆርጠው በአዲስ ላሜራ ይበየዳሉ፤ በመካከል አዲስ ጎማ ይገባል፤ የመስታወቶቹ ጎማ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ቀለም የመጨረሻው ነው። ብዙ ወራት ይፈጃል። በጅማ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ሥራው ካሁኑ መጀመር አለበት።

እኔ ደግሞ መኪናውን ለጥር ሠርግ ቃል ገብቼበት ነበር።

ሠርጉ የቅርብ ዘመድ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ ይቀለኝ ነበር። የሥራ ባልደረባ ሠርግ ነበር፤ ሌላ መኪና ሊያገኝም ይችል ነበር። ቃል ስለገባሁ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቃል መጠበቅ ጥሩ ነገር ስለሆነ ብዙ ነገር ከኋላው ይደበቃል። እውነቱ፣ እስከማውቀው ድረስ፣ ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀምጠው እኔ መሪ ይዤ ከተማው ሲያየኝ ማየት እፈልግ ነበር። ከዚህ በታች ሌላ ምክንያት ቢኖር አላገኘሁትም፤ ፈልጌው ግን ነበር፣ ከዚህ የተሻለ እንዲሆን ተመኝቼ።

«ሐጂ፣ ለአሁኑ የሚታየውን ብቻ በስቱኮ ሙሉልኝና ቀለም ይቀባ። ለጥር ይድረስልኝ» አልኳቸው።

«ስቱኮ ዝገት ላይ አይያዝም። አንተ ታውቃለህ።»

በእርግጥ አውቃለሁ። ስቱኮ ውስጡ የድንጋይ ዱቄት ስላለበት እርጥበት ይጠጣል፤ ከሥሩ ዝገት ካለ ውሃውን ብረቱ ላይ ይዞ ያቆየዋል። ዝገት ራሱም እንደ አልሙኒየም ሽፋን ሆኖ የታችኛውን አይጠብቅም፤ ቀዳዳማ ስለሆነ ውሃና አየር ያሳልፋል። ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ጽፌው አውቃለሁ።

ቀጥሎ የተናገርኩት የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ልጁ፣ የልጅ ልጃቸው፣ የውሃውን ጎማ እንደያዘ ቆሟል። የእኔ ተማሪ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ፈተና ወድቋል። ወደ እሱ ዞር ብዬ «እሱም እኮ ትንሽ ደከም ብሏል። ግድ የለም፣ እረዳዋለሁ» አልኩ። ከዚያ ዝም አልኩ። ከዚያ «እና ሐጂ፣ ለጥር ይድረስልኝ» አልኩ።

ሐጂ እኔን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ «እሺ» አሉ።

ማስፈራራት አልነበረም። ቢያንስ ከቃሌ ውስጥ ማስፈራሪያ የሚሆን አንዲት ቃል አይገኝም፤ ቢከሰስም የሚያስቀጣ አይደለም። ልጁን የመጣል ሐሳብም አልነበረኝም። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት በአጋጣሚ አልነበረም። በመካከል ዝም ያልኩት ለምን እንደነበር ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ጭካኔ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ራሴ እደነግጥ ነበር፤ እርዳታ መስሎ ስለመጣ ግን ደግ ሰው እንደሆንኩ እየተሰማኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሥራው ጊዜ አጠገባቸው እየቆምኩ «ይህን አይክፈቱት፣ ይህን አይንኩት» እል ነበር። ቦዮቹን ሊቆርጡ ሲሉ ከለከልኩ። ፓራፋንጎው በሽቦ ብሩሽ ሲታሽ ቀዳዳው እየሰፋ ሲሄድ አይቼ «ይበቃል፣ ሙሉት» አልኩ። ምሳ ሰዓት እኔ ስሄድ ምን ይሠሩ እንደነበር አልጠየቅሁም። ቀለሙ አማረ። ሠርጉም አማረ፤ ስለ ሠርጉ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ዝናቡ ሲገባ ሁሉም ተመለሰ። መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ትንንሽ ጉብታ፣ ሰኔ ላይ ስንጥቅ፣ ሐምሌ ላይ ከፓራፋንጎው የስቱኮ ቁራጭ መንገድ ላይ ወደቀ። በዚያ ሰሞን ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቶናው እየተቀዳ ሳለ አንዱ በመስኮት መኪናዬን አይቶ «ማን ነው የሠራልህ?» አለኝ።

«ሐጂ ናቸው። እጃቸው ደክሟል» አልኩ።

ስድብ አልነበረበትም። እንዲያውም ሐዘኔታ ነበረበት፤ ራሴን በትንሹ ነቅነቅ አድርጌያለሁ። ጠያቂው ሲያዝን እኔም አዘንኩ። ከዚያ በኋላ በጠየቀኝ ሰው ሁሉ ፊት ያንኑ ደገምኩት፤ እየደጋገምኩት ስሄድ ማመን ጀመርኩ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን እውነት አይደለም፤ አላመንኩትም። ሳላምነው ምቾት ሰጠኝ።

አንድ ቀን የጅማው መርካቶ አጠገብ የባጃጅ ሾፌሮች ስለ ጋራዥ ሲነጋገሩ ቆሜ ሰማሁ። አንዱ፣ ፈጽሞ የማላውቀው ልጅ፣ «ሐጂ ጋ አትውሰደው፣ እጃቸው ደክሟል» አለ። የእኔው ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልተቀነሰችም። እዚያ ላይ የደነገጥኩ መስሎ መጻፍ ቀላል ነበር። አልደነገጥኩም። ደስ አለኝ፤ ሌላ ምስክር ያገኘሁ መሰለኝ።

በሚቀጥለው በጋ መኪናውን ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ወዳለ ሌላ ጋራዥ ወሰድኩት። በያጁ ወጣት ነው። ቮልስ ፈቶ የማያውቅ ቢሆንም ጠንቃቃ ነው። አካሉን ከወለሉ አላቀቀው፤ ስቱኮውን በግራይንደር ያነሣ ጀመር። ፓራፋንጎው ባዶ ነበር። ቦዮቹ ሲነኩ ፈረሱ። ወደ ባትሪው ቦታ ሲደርስ ግን ግራይንደሩን አጠፋና ጠራኝ።

ከስቱኮው ሥር አዲስ ላሜራ ነበር። የበሰበሰው ክብ ሆኖ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ላሜራው ዙሪያውን ተበይዷል፤ መጋጠሚያው በማስቲሽ ተዘግቷል፤ ከላይም ከታችም አንቲረስት ተቀብቷል። ሙሉ ክረምት ቢያልፍበት እንኳ አንድ ነጥብ ዝገት አልነካውም። በሮቹን ከታች አየናቸው፤ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው ጠርዛቸው ተቀብቷል። ከአየር መግቢያው ሥር ያለችው ቱቦ ተለውጣለች። ይህን ሁሉ አላዘዝኩም፤ አልከፈልኩበትምም። እኔ ምሳ ስሄድ የተሠራ ነው።

«ይቺን የሠራት ሰው ሥራ ያውቃል፣» አለ ወጣቱ፣ «የቀረውን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?»

ሁለት ሰው የሠራው መስሎት ነበር። በአንድ መንገድ አልተሳሳተም፤ ጸንቶ የቆየው እኔ ሳልኖር የተሠራው ነው፣ የፈረሰው እኔ ቆሜ ያሠራሁት ነው። መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም መልስ አልሰጠሁትም። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ሐጂ አልነበሩም፤ ይህ ልጅ ያየውን ለሰው ቢናገርስ የሚለው ነበር። ጥፋቴን የተረዳሁት ላሜራውን ሳይ ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው፣ የተረዳሁት ላሜራውን እያየሁ ራሴን እንዴት እንደማድን ሳሰላ ራሴን ስይዘው ነው። ያ ስሌት አዲስ አልነበረም። ኅዳር ላይ ልጁን እያየሁ ዝም ያልኩት፣ ቡናው ላይ ራሴን የነቀነቅሁት፣ ሁሉም አንድ ስሌት ነበር።

ሐጂ ጋ ሄድኩ። ያወራሁትን ነገርኳቸው። «ሰምቻለሁ» አሉ። ከማን እንደሰሙ አልጠየቅሁም። ከዚያ የፊት መስታወቱን ጎማ ቀይሬው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልቀየርኩትም ነበር፤ እሱ ካልተለወጠ አዲሱ ወለልም እንደሚበሰብስ አስረዱኝ። ቡና አስጠጡኝ። ይህን ይቅርታ ነው ብዬ አልተረጉመውም፤ ቡና በጅማ ለመጣ ሁሉ ይቀርባል። ይቅርታም አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው በራሳቸው ግቢ «እሺ» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖራቸውም ነበር፤ «እሺ» ደግሞ አንድ ጊዜ አስብያቸዋለሁ።

ወሬውን የነገርኳቸውን ሰዎች እያስታወስኩ እርማቱን ለመንገር ሞከርኩ። አንዱ ጨርሶ አያስታውስም። ሌላው «ኧረ ተወው፣ ምን ያስጨንቅሃል» አለኝ። አንድ ሾፌር ደግሞ «ታዲያ ለምን ዛገ?» ብሎ በጥርጣሬ አየኝ፤ የሐጂ ዘመድ የሆንኩ መሰለው። የመጀመሪያው ወሬ አጭርና የሚያሳዝን ነበር፣ በራሱ እግር ይሄዳል። እርማቱ ስለ ቦይ፣ ስለ ስቱኮ፣ ስለ እኔም የሚያወራ ረጅም ነገር ነው፤ ጀበና ሳይፈላ የሚጨርሰው የለም። የሐጂ ጋራዥ አሁን ግማሽ ቀን ነው የሚከፈተው። ዕድሜያቸውም ገፍቷል፣ ስለዚህ ሁሉም በእኔ ምክንያት ነው ማለት አልችልም። ምን ያህሉ በእኔ እንደሆነም መለየት አልችልም፤ ይህን አለመቻሌን ለማቅለያ እንዳልጠቀምበት እየተጠነቀቅሁ ነው።

ልጁን እረዳዋለሁ ብዬ ነበር። አልረዳሁትም። መኪናው ከወጣ በኋላ ረሳሁት፤ በራሱ አጥንቶ አለፈ። አሁን ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ በአክብሮት ሰላም ይለኛል። በዚያ ቀን የሰማውን ተረድቶት እንደሆነ ከፊቱ አይነበብም።

መኪናው ተሠርቷል። የመስታወቶቹ ጎማ ሁሉ አዲስ ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ምንጣፉን አንሥቼ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጥፋለሁ፤ የረጠበበት ቦታ ካለ ይነግረኛል። አሮጌ መኪና ያላችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ ቀለሙን ሳይሆን ምንጣፉን ግለጡ፣ የበሮቹን ቀዳዳ በሽቦ ክፈቱ፣ ሸራ አልብሳችሁ አታፍኑት፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣል።

ጅማ ወይም አጋሮ ውስጥ «የሐጂ እጅ ደክሟል» የሚል የሰማ ሰው ካለ፣ ያን ወሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እውነት አይደለም። ሥራ ካላችሁ ውሰዱላቸው፤ ጠዋት ጠዋት አሉ።